የጋሽ ሰይድ በሮች

እንግድነት ሄዳችሁ አንድ ዕቃ ታያላችሁ። ከልባችሁም ይሁን ለጨዋታ ያህል «ሲያምር» ትላላችሁ። ከዚያ ቤት ስትወጡ ዕቃውን ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ሳትፈልጉት፣ ሳትጠይቁ፣ የምታስቀምጡበት ቦታ እንኳ ሳይኖራችሁ? እኔን አጋጥሞኛል። ጋሽ ሰይድ ጋራዥ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት፣ ጥግ ላይ የአበባ ማሰሮ የሚቀመጥበት የብረት ማቆሚያ አይቼ «እንዴት ያምራል» አልኩ። ወደ ቤቴ የተመለስኩት እስከ ወገቤ የሚደርስ ባለሦስት እግር ብረት አቅፌ፣ በከተማ አውቶቡስ ነው። ሾፌሩ ለብረቱም ሊያስከፍለኝ እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር። ቤቴ ውስጥ አንድም አበባ አልነበረኝም።

ያ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኔ ግን ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩ።

ባለፈው የጸደይ ወራት አቶ ጌታቸው ደወሉልኝ። አቶ ጌታቸው ታክሲ ነጂ ናቸው፤ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርታችን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበርም ናቸው።

«ቲቸር፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«ቁጭ በይ። ጋሽ ሰይድ አረፉ። ልባቸው ነው አሉ።»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ንዴት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ትምህርት ቤቱ በር ማጠፊያ ልንጨቃጨቅ ተቀጣጥረን ነበር፤ የምናገረውን ሁሉ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው ቀጠሮውን ሳያከብሩ ቀሩ።

ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ነበሩ። በሥራ ቀናት ፍሪሞንት ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮ ይቆርጣሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ኦክላንድ፣ ከቤታቸው ጎን ባለች ጋራዥ ውስጥ ብረት ያጣምማሉ። እሳቸው ረጅም፣ ጋራዡ አጭር በመሆኑ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ከጋራዡ ከወጡም በኋላ ዘንበል እንዳለ ይቆያል። ትሑት አልነበሩም። የሠሩትን ብረት ይዞሩትና «ይሄን የሠራው ማነው?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። «ሰይድ ነዋ» ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ።

እኔና እሳቸው በተዋወቅንበት ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ መስኮቱን በብረት ያላጠረ ሰው ጥቂት ነበር። ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የሚገጠም፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ብረት ነው። ጋሽ ሰይድ በመኪና ስናልፍ ያን ብረት ሲያዩ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊታቸውን ያኮማትሩ ነበር። «ተመልከቺው፤ ሰውዬው ራሱን አስሮ ቁልፉን ኪሱ ከተተው» ይሉኛል።

የእሳቸው ብረት ሌላ ነው። ላላየው ሰው ላስረዳ። አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ እሳት ውስጥ ይገባል። ሲቀላ ይወጣና ጫፉ መስፍ በሚባለው መደገፊያ ብረት ላይ ተቀጥቅጦ እንደ አይጥ ጭራ ይቀጥናል፤ ከዚያ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ወደ ራሱ ይጠቀለላል፤ መጨረሻው የቀንድ አውጣ ቤት ይመስላል። ሁለት ቀንድ አውጣዎች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ልብ ይሆናሉ። ጀርባ ለጀርባ ሲጋጠሙ የሁለት ሰው ኩርፊያ ይሆናሉ፤ ይህን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። በቀጥታው ብረት መካከል ልቡንም ኩርፊያውንም እየደረደሩ ይበይዳሉ። እሳቱን የሚያናፉት በባለቤታቸው በእትዬ መርየም የፀጉር ማድረቂያ ነበር። እትዬ መርየም ፀጉራቸውን በፀሐይ ነበር የሚያደርቁት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሊወደው ይችላል። እኔን ያበገነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጋሽ ሰይድ ሰው ያደነቀውን ነገር ይዘው መቀመጥ አይችሉም።

«የሰው ዓይን ያረፈበት ብረት አያስተኛኝም» ይሉ ነበር። «ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን እዚህ ይቀራል። ተጋድሜ ያየኛል።»

«ማሻአላህ ካለ ዓይኑ ምንም አያደርግም ብለውኝ አልነበር?»

«አዎ፤ ማሻአላህ ብሎ ነው ያየው። ማሻአላህ ብሎ ወደደው። ታዲያ የወደደውን ልከልክለው?»

ደሴ ሳሉ አባታቸው እንግዳ ያደነቀውን ነገር ከግድግዳ አውርደው ያሲዙት ነበር አሉ። አንድ ጊዜ የቤቱን ሰዓት ሰጡና፣ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ሰዓት ሲፈልግ ጎረቤት እየሄደ ይጠይቅ ጀመር። ይህን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል። እኔ የማስበው ስለ ጎረቤቱ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የቅዳሜ ትምህርታችን ቴሜስካል በሚባል የኦክላንድ ሰፈር፣ ሚስስ ሆልት የሚባሉ አሮጊት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ በአማርኛ የምንላቸውን ሁሉ ይሰማሉ፤ የሚመልሱት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዮናስ የሚባለው ተማሪዬ አዲስ አበባ ካሉት አያቱ ጋር በስልክ ሲያወራ እናቱ መሐል ቆማ ታስተረጉም ነበር። አያቱ አንድ ቀን «ልጁ ምን አድርጌው ነው የማያናግረኝ?» ብለው ጠይቀዋል። እናቱ እያለቀሰች ልጁን ወደ እኔ ያመጣችው በማግስቱ ነው። ትምህርቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ከዓመታት በፊት ግቢው አጥር ነበረው፤ የበሩ ቦታ ግን ባዶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ኳስ ወደ መንገድ ወጣች፤ ዮናስም ተከትሏት ወጣ። መኪናው በጊዜ ቆመ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ሚስስ ሆልት ግን ሁሉንም ከላይ በመስኮት አይተዋል። በከዘራቸው እየተደገፉ ወረዱ።

«እኔ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ኢንሹራንሴ ግን አይወዳቸውም» አሉኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ጋ የሚዘጋ በር ካላየሁ ቁልፌን ትመልሺልኛለሽ።»

ሌላ ክፍል ለማግኘት ያላንኳኳነው ቤት አልነበረም። ይህ ከተዘጋ ትምህርቱም ያበቃል። እኔ ኮሚቴውን ሰብስቤ፣ ከሱቅ የተሠራ በር ገዝተን እንግጠም አልኩ።

አቶ ጌታቸው ደነገጡ። «ጋሽ ሰይድ እያሉ በር ከሱቅ እንገዛለን? ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም። በሩ ይዘጋል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል።»

«ይቀየማሉ ቲቸር።»

ስለዚህ ሰው እንዳይቀየም ተብሎ የትምህርት ቤቱ ዕድል ጋሽ ሰይድ እጅ ላይ ወደቀ።

ልኩን በካሬ ወረቀት ላይ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የሚከፈትበትን አቅጣጫ በቀስት አሳይቼ። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «አብሽሪ ቲቸር፤ በሩ እጄ ውስጥ ነው» አሉ። ደግሞም አልዋሹም። ለሳምንቱ አድርሰውት ነበር። ከአቶ ጌታቸው ጋር ልናመጣው ስንሄድ ግን ጋራዡ ባዶ ነው።

«በሩስ ጋሽ ሰይድ?»

«የቱ?»

«የትምህርት ቤቱ።»

«እሱማ ሳን ሆዜ ሄደ።»

«ሳን ሆዜ ምን ሊሠራ?»

«አዲስ ተጋቢዎች መጥተው ነበር። ልጅቷ እጇን አሳርፋበት "ይሄ የኛ ቢሆን" አለች። አሁን ምን ልበላት? ገና ጎጆ መውጣቷ ነው።»

«የልጆች ነው ይበሏታ።»

«ሙሽራ ናት። ለሙሽራ እንዲህ አይባልም።»

አቶ ጌታቸው ራሳቸውን በስምምነት ሲነቀንቁ አየሁ። ያን ጊዜ ብቻዬን እንደሆንኩ ገባኝ።

ሁለተኛው በር ሲጀመር ሥርዓት ለማስያዝ ሞከርኩ። በትልልቅ ፊደል «ይህ የትምህርት ቤት በር ነው። እባክዎ አያድንቁት።» ብዬ ጻፍኩና ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ጋሽ ሰይድ አነበቡትና የእጅ ጽሑፌን አደነቁ። ያን ጽሑፍ ስለሰቀልኩ ለሳምንት ያህል እፎይ ብዬ ተኛሁ። ስመለስ ጽሑፉ አለ፤ በሩ የለም።

«ማን ወሰደው?»

«አንድ ልጅ የመኪናው ማርሚታ ተቀዶ ላስበይድ ብሎ መጣ።»

«ጽሑፉን አላነበበም?»

«አነበበ እንጂ። ጮክ ብሎ ነው ያነበበው።»

«ታዲያ?»

«"ምን ያህል ቢያምር ነው እንዲህ የተጻፈለት?" ብሎ ዞሮ አየው። ቲቸር፣ እሱ የመጣው ለማርሚታው ነበር። በሩን ያሳየሽው አንቺ ነሽ።»

ጽሑፉን ገነጠልኩ።

ሦስተኛውን ራሴ ጠበቅኩ። አልጋ ልብሴን ይዤ ሄድኩ፤ ደብተር የማርምበትን ቀይ እስክሪብቶዬንም ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ አንዱን ጎን ሲበይዱ ሌላውን ጎን በአልጋ ልብሱ እሸፍናለሁ። ሰው ደጁ ላይ ብቅ ሲል ከወንበሬ ተነሥቼ በሩ ፊት እቆማለሁ። ለሰላምታ የመጡ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዬ ለማየት ይሞክሩ ነበር።

«አሳፈርሽኝ እኮ» ይሉኛል ጋሽ ሰይድ። «ምን እንደሸሸግን ነው የሚያስቡት?»

«ያስቡ። አያድንቁት ብቻ።»

«ሰው የማያየው ከሆነ ለምን አጣምመዋለሁ? ቀጥ ያለው ይበቃሽ ነበር።»

«እኔ እኮ ቀጥ ያለውን ነበር የጠየቅኩት።»

ሳቁ። ሲስቁ አንገታቸው የበለጠ ይዘነበላል። ያን ሳቅ ሳስታውሰው አሁንም አንድ ነገር አንሥቼ መወርወር ያምረኛል።

በሩ አለቀ። ስለ እውነት ከሆነ ካየኋቸው ሥራዎቻቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ከላይ የወይን ሐረግ አለው፤ ከታች ቀንድ አውጣዎቹ ልብ ሆነው ተደርድረዋል። ይህን ግን በአፌ አላልኩም። በፒካፕ ጭነን፣ በአልጋ ልብስ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን ቴሜስካል ወሰድነው። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ወላጆች ተሰብስበዋል፣ ልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ዕቅዴ ቀላል ነበር። በሩ እንደተሸፈነ ይገጠማል፤ ከተገጠመ በኋላ ይገለጣል። የተገጠመን በር ነቅሎ የሚሰጥ ሰው የለም ብዬ ነው።

ሚስስ ሆልት ወረዱ። «እንዴት ያለ ነው ያመጣችሁት?» አሉና እኔ ሳልደርስባቸው በከዘራቸው ጫፍ የአልጋ ልብሱን ገለጡት።

ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው አንዱን ቀንድ አውጣ ከውጭ ጀምረው ወደ ውስጥ ተከተሉት። «ልጅ ሆኜ የእናቴ የአትክልት ቦታ እንዲህ ያለ በር ነበረው። ዳግመኛ አላየሁም» አሉ።

ዞሬ ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። አንገታቸው ዘንበል ብሏል።

«ጋሽ ሰይድ፣ እባክዎን» አልኩ በአማርኛ።

«ዓይኗን አየሽው?»

«አየሁት። ኢንሹራንሷንም ያስታውሱ።»

«እናቷን አስታወሰች እኮ።»

ከዚያም በእንግሊዝኛቸው፣ «ሌዲ፣ ዩርስ። ቴክ ሆም» አሉ።

ሚስስ ሆልት ወደ እኔ ዞሩ። «ምን እያሉ ነው?» አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ያለውን አጣምሜ መናገር አልችልም። «የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት እያሉ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ትርጉም የለም። አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሦስቴ አመሰገኑ። እንቢ ይላሉ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ እዚህ አገር ሰው ከሰጡት ይወስዳል። በሩ ወደ ጓሮ ተወስዶ ሮዝ አበባቸው አጠገብ አጥር ላይ ተደገፈ። የሚከፈት ነገር የለው፣ የሚዘጋ ነገር የለው። እስከ ዛሬም እዚያው ነው፤ ሮዙ በቀንድ አውጣዎቹ መሐል ለመሐል ወጥቶበት ቢፈልጉም አይላቀቅም።

ሚስስ ሆልት ደረጃውን ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። «የልጆቹ በርስ መቼ ነው የሚመጣው? ዛሬ መጨረሻው ነው።»

ወላጆቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ግን ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጋሽ ሰይድ» አልኩ፣ «ሰው ሁሉ ደግ ነዎት ይላል። እኔ አልልም። ደግ ሰው የራሱን ነው የሚሰጠው። እርስዎ ሦስት ጊዜ የሰጡት የነዚህን ልጆች ነው።»

አቶ ጌታቸው «ተይ እንጂ ቲቸር» አሉ በሹክሹክታ። ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን አወለቁ፤ ውስጡን አዩት፤ መልሰው አደረጉት። አንገታቸው ያን ዕለት ቀጥ ሲል አየሁት። ፒካፓቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ልጆቹን ለመጨረሻ ጊዜ ፊደል አስቆጠርኳቸው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልንወጣ ስንል የፒካፑ ድምፅ ተሰማ።

ያመጡት የብረት አልጋ ራስጌ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው፣ ከግራና ከቀኝ ቋሚው ጫፍ ላይ ክብ ኳስ የተቀመጠበት። ማጠፊያ በይደውለታል፤ ብየዳው ገና ይጨስ ነበር። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ከአጥሩ ቋሚ ጋር በብሎን አሰሩት። ስፋቱ እኔ በካሬ ወረቀት ከሰጠኋቸው ልክ ጋር ተስማማ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተስማማም፤ የቀረውን ክፍተት በአንድ ዘንግ ደፈኑት።

ሚስስ ሆልት እንደገና ወረዱ። «ይሄ አልጋ ነው?»

«ነበር» አልኳቸው።

«ይዘጋል?»

ዘጋሁት። ከፍተው ዘጉት። በከዘራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። «ይዘጋል» አሉና ወደ ላይ ወጡ። ትምህርቱ ተረፈ።

«ከየት አመጡት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከቤቴ።»

«የማን ነው?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «የራሴ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሩ በልጆቹ አፍ አልጋው ሆኖ ቀረ። «ቲቸር፣ ሂ ዲድንት ክሎዝ ዘ አልጋ» እያሉ ይካሰሳሉ። እኔ «አልጋውን አልዘጋውም በሉ» እያልኩ አርማለሁ፤ አርሜ ስጨርስ ያስተማርኳቸው ነገር ምን ትርጉም እንዳለው ራሴም ይጠፋኛል። ዮናስ ለአያቱ በስልክ መጀመሪያ ያወራው ሙሉ ዓረፍተ ነገር «የትምህርት ቤታችን በር አልጋ ነው» የሚል ነበር። አያቱ ልጁ አማርኛ ገና አልገባውም ብለው አዘኑ አሉ።

በሩ ዓመታት ቆየ። የቆየበትን ምክንያት ያስረዱኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። «ማን ያደንቀዋል? የሚያደንቀው ስለሌለ ነው የቆየው።» በየሳምንቱ እየመጡ ማጠፊያውን ይነካካሉ። ትምህርት መሐል ገብተው ቀለም ይቀቡታል፤ ልጆቹ እጃቸው ነጭ ሆኖ ደብተሩን ሁሉ ነጭ ያደርጉታል። «ከትምህርት በኋላ ይምጡ» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በፊት ይመጡና ትምህርቱ እስኪያልቅ ይቀመጣሉ።

ለቅሶ ቤት ስሄድ እትዬ መርየም ሴቶች መሐል ተቀምጠው ነበር። ለእንግዳ ትራስ አነሰና አብሬያቸው መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ትራስ የለም። እትዬ መርየም ተንበርክከው እጃቸውን ከአልጋውና ከግድግዳው መሐል ሰደው አንድ ትራስ ጎተቱ፤ ከዚያ ሌላ።

«ራስጌ የለውማ» አሉ። «የአንቺ ትምህርት ቤት ከሄደ ጀምሮ ትራስ ስናሳድድ ነው የኖርነው።»

«ጋሽ ሰይድ የራሴ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«የሱ?» እትዬ መርየም ትራሱን እንደያዙ ቁጭ አሉ። «አልጋው የኔ ነው። እዚህ አገር መጥቼ በመጀመሪያው ደሞዜ የገዛሁት። ከሥራ ስመለስ ነቅሎ ሄዷል። "ቲቸር ተቆጣችኝ" አለ። "ታዲያ እኔስ አልቆጣም?" ስለው "አንቺማ የራሴ ነሽ" አለኝ።»

የሌላ ሰው ይሰጣሉ ብዬ ተናገርኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ነገሩን ለማረም የሚስታቸውን ሰጡ።

«አዲስ እሠራልሻለሁ አለ» ቀጠሉ እትዬ መርየም። «ሠራ ደግሞ። ሰው አየው። እንደገና ሠራ፤ እንደገና ሰው አየው። የመጨረሻው ጋራዥ ውስጥ አለ። ግማሹ ነው።»

በኋላ ጋራዡ ገብቼ አየሁት። አንደኛው ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ አልቋል፤ ሁለተኛው ገና ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። የፀጉር ማድረቂያው አጠገቡ ተሰክቶ ነበር። ነቀልኩትና ወጣሁ።

እትዬ መርየም ዒዳቸውን፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቆይበትን ጊዜ፣ ጨርሰው ከቤት መውጣት የጀመሩት በቅርቡ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አቶ ጌታቸው በቫናቸው ይዘዋቸው መጡ። ልጆቹ ሄደዋል፤ እኔ ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር። እትዬ መርየም ከግቢው ውጭ ቆመው፣ በበሩ ዘንጎች መሐል አዩኝ። ከዚያ ክቡን ኳስ በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት።

«ሲያምር» አሉ። «ቤት ሳለ እንዲህ አያምርም ነበር።»

ያን በር እንዲህ ያለው ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሲናገር ሰማሁት።

«ይውሰዱት እትዬ። የእርስዎ ነው።»

ይህን ስል ምን እንደጠበቅኩ ታውቃላችሁ። ኧረ በጭራሽ ይላሉ፤ እኔ ኧረ ይውሰዱት እላለሁ፤ ልጆቹስ ይላሉ፤ እኔም ትንሽ ተከራክሬ እሸነፋለሁ፤ በሩ እዚያው ይቆማል፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። እትዬ መርየም ትክ ብለው አዩኝ።

«የሱ አመል አንቺንም ያዘሽ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ «እሺ፤ መፍቻ አለሽ?» አሉ።

መፍቻ ያመጡት አቶ ጌታቸው ናቸው፤ ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዝጎ ነበርና ጊዜ ወሰደ፤ በፈታሁ ቁጥር ጋሽ ሰይድን በልቤ እወቅሳለሁ። ራስጌው ቫኑ ውስጥ ሲገባ እትዬ መርየም አጠገቡ ተቀመጡና አንዱን ቋሚ በክንዳቸው አቀፉት። «ዛሬ ትራሴ አይወድቅም» አሉ።

ቫኑ ሲሄድ ከላይ መስኮት ተከፈተ። «በሩስ?» አሉ ሚስስ ሆልት።

«ባለቤቱ ወሰደችው።»

«እና ቅዳሜ?»

ይህን የምጽፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ ነገ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ አዲስ በር ማን ይሥራ የሚለውን ሊወያይ ቀጠሮ ይዟል፤ እንደማውቃቸው ሰው እንዳይቀየም ብለው ብዙ ሳምንት ይወስዳሉ። እስከዚያ ድረስ ከሚስስ ሆልት ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ወደ ውጭ አውጥቼ የበሩ ቦታ ላይ አቆመዋለሁ። ከጎኑ የሚቀረውን ክፍተት በራሴ እደፍነዋለሁ። ጀርባዬን ለመንገዱ፣ ፊቴን ለልጆቹ ሰጥቼ አስተምራለሁ። ኳስ የሚያልፈው በእኔ ላይ ነው።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ሰው አንድ ዕቃችሁን አይቶ ሲያምር ሲላችሁ «ውሰደው» በሉ። ደንቡን ላስረዳ፣ ጋሽ ሰይድ ሳያስረዱኝ ስለሄዱ። ዕቃው የራሳችሁ ይሁን፤ የባልም የሚስትም የልጆችም አይሁን። በዚያው ቀን የምትፈልጉት ይሁን፤ የተረፋችሁ ዕቃ አይቆጠርም። ሰውየው እሺ ሲላችሁ ደግሞ ፊታችሁ ላይ የሚሆነውን ተቆጣጠሩት፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሞክሩትና እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። ብቻ ነገ በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ሰሌዳዬን እንዳታደንቁብኝ።